ባዶ ሳጥን

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር።
ኤሲው ያንኮራፋል፤
የላይኛው አልጋ ላይ ዘቢደር ትገላበጣለች፤
እኔ ከመጋረጃዬ ወዲህ
የላፕቶፔን ብርሃን በፎጣ ከልዬ
ጨዋታዬን እጨርሳለሁ።

ስሙ «ገመድ» ነው።
ጣራ ላይ የተሰጣ የስድስት ክፍል ልብስ፣
ሻማል አቧራውን አስነሥቶ ሳይደርስ
አንዲት ልጅ ሮጣ ትሰበስባለች፤
ያመለጣት ሸሚዝ ባሕር ላይ ወፍ ይሆናል።
ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፦
ቀን የሰው ልብስ ስተኩስ፣ ሌት ነፋሱን ስጽፍ፣
አንዲት ቀሚስ ገመድ ላይ እንደ እውነት እንድትከንፍ።

አሁን ሰው መጥራት አለብኝ።
ስልክ ጠጋኙ ሸምሱ ፍላሽ ዘረጋልኝ፦
«አርባ ሺህ ኢሜይል አለ፤ ሁለት መቶ ድርሃም፤
ለሁሉም ላኪው፣ መቶው ቢገዛሽ አይከፋም።»
ሁለት መቶው ኪሴ ውስጥ ነበር።
ጣቴ ፍላሹን ነካው።

ያኔ ትዝ አለኝ ከሚሴ፣
የደላላው ደብተር፣ ሰማያዊ መስመር፣
ዘጠነኛው ተራ ላይ የኔ ስም።
ቁመቴን ማን ለካው? ዕድሜዬን ማን ጨመረ?
ያ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ እኔን ማን አማከረ?

ፍላሹን መለስኩለት። «ሞኝ ነሽ» አለኝ።
ይሁና።

ቅጹን ራሴ ሠራሁ።
ከታች አንዲት ትንሽ ሳጥን፣ ባዶ፤
ምልክቱን ቀድሜ አላደረግኩባትም።
የፈለገ ይጫናት፣ ያልፈለገ ይለፋት።
የተጫናትንም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «እርግጠኛ ነዎት?»
ሽማግሌ እንደሚልክ፣ አንዴ እሺ ያለውን ሁለቴ እሺ አሰኝቼ
ቀኑንና ሰዓቱን ከስሙ ጎን አስቀምጣለሁ።
ለአንዲት ጨዋታ ይሄ ሁሉ? ትላለች ዘቢደር።
እሺ ሳልል የሠራሁት ሁለት ዓመት አለ፤
የቃሏን ዋጋ ከሱ ነው የተማርኩት።

ከደብዳቤው ግርጌ የላኪ አድራሻ ይኑር ይላል ሕጉ።
ምን ልበል?
አልጋ ቁጥር ሦስት፣ ከመጋረጃው ወዲህ?
ሊፍቱ የተበላሸው ሕንፃ፣ ከሻይ ቤቱ ጀርባ?
እዚህ አገር ፖስተኛ በር አያንኳኳም፤
ደብዳቤ የሚገባው ሳጥን ውስጥ ነው፣
ሳጥኑም የባለሱቅ፣ የኩባንያ፣ የጌታ ነው።
ለእንደኛ ዓይነቱ የሚታወቀው ሳጥን ሌላ ነው፣
በጭነት አውሮፕላን የሚሄደው። እሱን አልጽፍም።

ኩንጁሞን፣ የላውንደሪው ባለቤት፣
ካውያውን ሳያስቀምጥ ሰማኝና
«የኔን ጻፊ» አለ፤
ቁልፉን በእንፋሎቱ መሃል ወረወረልኝ።
አራት አኃዝ ነው ቁጥሩ።
ሰባት ዓመት ባሕረ ሰላጤ ኖሬ
ከስሜ በታች አድራሻ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤
ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ከሱ በታች ደግሞ መውጫ በር።
ብዙ ሌሊት የፈጀሁት እሷ ላይ ነው።
አንድ ጠቅታ። ምክንያት አይጠየቅም።
ፓስፖርት የሚይዝ የለም፣
«ውልሽን አልጨረስሽም» የለም፣ «ትኬቱን ክፈዪ» የለም።
ጠቅ፣ ወጣ።
ይሠራ እንደሆን ብዬ ሃያ ጊዜ ገባሁባት፣ ሃያ ጊዜ ወጣሁባት፤
ከአሥር በኋላ ያለው ለፈተና አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን ስልሳ አንድ ሰው ተመዘገበ።
«ሻማል እየመጣ ነው፣ ልብሱን ሰብስቡ» ብዬ ላክሁ።
በአሥረኛው ደቂቃ አንዱ ወጣ።
ሆዴ ቦጭ አለ።
እጄ ወደ ፊደሉ ሄደ፣ «ምን ጎደለብዎት?» ልል፤
ያቺ ማዳምም በሩን በክንዷ ይዛ
እንዲሁ ነበር ያለችኝ፦ ምን ጎደለብሽ?

እጄን ሰበሰብኩ።
ስሙን ከሚላክላቸው ሰረዝኩ፤
«ዳግም አይጠራ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ተውኩ፣
ረስቼ እንዳልጠራው።

ስልሳ ሰው።
«አልተኛሽም?» አለች ዘቢደር ከላይ።
መስኮቱ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤
ጣራው ላይ የሰጣሁት ዩኒፎርም አለ፣ እውነተኛው።
በባዶ እግሬ ደረጃውን ሮጥኩ።
ከአራቱ ሦስቱን ደረስኩባቸው።